ነጥብ የማይወድ ሰው

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። ጋራዥ ውስጥ አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ የቀለም መርጫውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ሲያመላልሰው ክንዱ ዝንፍ አይልም ነበር ይላሉ አብረውት የሠሩት። ቀለም የዘለለው ቦታ ወይም አቧራ የተቀመጠበት በር ካየ እንቅልፍ የለውም፤ ባለቤቱ «ግድ የለም፣ ይሁን» ቢለው እንኳ ፍቆ እንደገና ይቀባዋል። ቤትም ያው ነው። ኮሌታዬ ላይ ነጥብ ካለች ልብሴን ሳልቀይር ከደጅ አልወጣም፤ ብርጭቆ ላይ የጣት አሻራ ካየ ውሃ አይጠጣም። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይኼ ሰው ነብር ቢያገኝ አጥቦ ነው የሚለቀው» እያለች ትስቅበት ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ከበረንዳው ሥር ባለችው ቀጭን መሬት ላይ ጽጌረዳ ተከለ። ስም ያወጣላቸውም በሙያው ነው። ቀይዋ እሳት አደጋ ናት፣ ነጯ አምቡላንስ፣ ቢጫዋ ታክሲ። ጥግ ላይ ያለችውን፣ ሮዝ ይሁን ብርቱካን ያልለየላትን፣ «ሁለተኛ ቅብ ያልደረሳት» ይላታል። ሰው ሲመጣ እያዞረ ያስተዋውቃቸዋል፤ እኔን ከማስተዋወቁ በፊት እነሱን ነው።

ከዚያ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት፣ ምላሱም ተሳሰረ። ያን ሁሉ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ቃል፣ ቢበዛ ሁለት ቃል ብቻ ቀረው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው ቤት ስለሆነ፣ ባልም ስለሌለኝ፣ ማን ያስታምመው የሚል ጥያቄ አልተነሳም። ማሽኔን ከመኝታ ክፍሉ አጠገብ፣ በረንዳው የሚታይበት መስኮት ሥር አስጠጋሁና እየሰፋሁ እጠብቀው ጀመር። ደንበኞቼ «አፏ መርፌ ነው፣ ስፌቷ ግን አይፈታም» ይሉኛል። አፌን አልክድም። እሱ አልጋ ላይ በዋለባቸው ወራት ግን መርፌውም ዶልዱሞ ነበር።

እጁን የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልጅ እግር ናት፣ ቆፍጣና። «ግራ እጁ ካልሠራ እሱም ይተኛል» አለችኝ። «የሚነሳበት ጉዳይ ፈልጊለት። ሰው ዝም ብሎ አይነሳም።» እንዲጨብጣት ብላ አንዲት የላስቲክ ኳስ ሰጠችው። ኳሷን አገላብጦ አያት፣ ከዚያ በመስኮት ወረወራት። የጎረቤት ጣሪያ ላይ ስታርፍ ተሰማኝ። «ይኸው ሠራ» አልኳት፤ አልሳቀችም።

አንድ ቀን ግን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ የደንበኛ ቀሚስ ዚፕ እየገጠምኩ ሳለ ግድግዳ ሲታከክ ሰማሁ። ቀና ስል አባቴ ነው። ማንም ሳያነሳው ተነስቶ፣ ግድግዳውን በትከሻው እየታከከ፣ እግሩን እየጎተተ በረንዳው ላይ ደርሷል። ወደ ጽጌረዳዎቹ በአገጩ አመለከተና «ውሃ» አለ። የውሃ ማጠጫውን ግማሽ ድረስ ሞልቼ ሰጠሁት። ሆዱን በረንዳው ብረት ላይ ደግፎ፣ ማጠጫውን በግራ እጁ አንስቶ፣ ታች ላሉት ጽጌረዳዎች ከላይ ለቀቀላቸው። ያ የእጅ አንጓ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ። አንዲት ደረቅ ቅጠል አልተረፈችም። እኔ ዚፑን በእጄ እንደያዝኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓቱ ሲደርስ ማንም አይቀሰቅሰውም። ጠዋት መድኃኒቱ ስለሚያደነዝዘው እስከ ቀትር አይረባም፤ ወደ ማታ ግን ብድግ ይላል። ደረጃውን መውረድ አይችልም። ማጠጫውን ከያዘ ምርኩዙን መያዝ አይችልም። ስለዚህ የሚችለው ያንኑ ነው፤ ብረቱን ተደግፎ ከላይ ማፍሰስ። ባለሙያዋ መጥታ እጁን ስትነካ «ምን አደረጋችሁት?» ብላ ጮኸች፣ በደስታ። ማጠጫውን ሙሉ እንድሞላለት አዘዘችኝ።

ነጥቡ የመጣው ያኔ ነው። መጀመሪያ በአምቡላንስ የታችኛው ቅጠል ላይ የጣት ጫፍ የሚያህል ጥቁር ክብ አየሁ፤ ዳሩ የተተረተረ ጨርቅ ይመስላል። ቆይቶ ዙሪያው ቢጫ ሆነና ቅጠሉ ወደቀ። ከዚያ ወደ ታክሲ ተሻገረ፣ ከታክሲ ወደ እሳት አደጋ። አባቴም አየው። ነጥብ ማየትማ ሙያው ነው። ግንባሩን ቋጠረ፣ መንገዱን በአገጩ እያሳየኝ «ጭስ» አለ። የመኪና ጭስ ያረፈባቸው መስሎታል። ለእሱ ነጥብ ያለበት ነገር ይታጠባል፣ አለቀ። በዚያ ማታ ሁለተኛ ማጠጫ አስሞላኝ።

በማግስቱ የታመመውን ቅጠል በጨርቅ ጠቅልዬ መንገድ ዳር ችግኝ ወደምትሸጠው ሴትዮ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ችግኝ ነው የሚላት። ቅጠሉን ገና ስገልጠው አፏን አጣመመች።

«ከላይ ነው የምታጠጪው?»

«አዎ።»

«ማታ ማታ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ፈንገሱን ራስሽ ነሻ የጋበዝሽው! ዘሩ የወደቀው ቅጠል ላይ ይቀመጣል፤ ውሃው ሲፈናጠር አብሮ ይዘልና ላይኛው ላይ ይወጣል። ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ ደግሞ ተደላደለ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የታመመውን ልቀሚ፣ የወደቀውን ጥረጊ፣ አፈር ውስጥ እንዳትቀብሪው፣ አቃጥይው። መቀሱን በአልኮል እየጠረግሽ ቁረጪ። ቅርንጫፉን ቀንሺለት፣ ነፋስ ይግባው። ውሃ ከሥር፣ በጠዋት። ቅጠሉን ጠብታ አይንካው።»

«የሚያጠጣቸው እኔ አይደለሁም» አልኩ።

«የሚያጠጣውን ሰው እንግዲህ እጁን ያዢዋ!» አለችና ወደ ሌላ ገዢ ዞረች።

መንገዱን ሙሉ እየተብሰከሰክሁ ተመለስኩ። አንዷ እጁን ፍቺለት ትላለች፣ ሌላዋ እጁን ያዢው ትላለች። አባቴ ከአልጋ የሚነሳው ለእነዚህ አበቦች ነው፤ አበቦቹን የሚገድላቸው ደግሞ የእሱ መነሳት ነው። ለማንም ላለመናገር ወሰንኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ጠዋት ጠዋት እሱ በመድኃኒቱ ሲያንጎላጅ ከበረንዳው ሥር እየተንበረከክሁ ነጥብ ያለበትን ቅጠል እለቅማለሁ። የልብስ መቀሴንማ አላስነካም፤ ሌላ ገዛሁ፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስሻገር በአልኮል እጠርገዋለሁ። የወደቀውን ጠርጌ ቆርቆሮ ውስጥ አቃጥላለሁ። ውሃው እንዳይፈናጠር ብዬ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ አምጥቼ አፈሩ ላይ አለበስኩ። ማጠጫውንም ሩብ ብቻ እየሞላሁ ሙሉ ነው እያልኩ ሞከርኩ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እሱ ግን ዶሮ አይደለም። አንስቶ መዘነውና አየኝ፣ «ሙዪ» አለኝ።

የለቀምኩት ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። የታመመ ቅጠል በለቀምኩ ቁጥር ጽጌረዳዎቹ ተመለጡ። አባቴ መመለጣቸውን አየ። «ጠማቸው» አለኝና ሦስተኛ ማጠጫ አስሞላኝ። እኔ እየለቀምኩ፣ እሱ እያጠጣ፣ ሁለታችንም ለእነሱ ብለን እነሱን ስንገፍፍ ከረምን።

ወንድሜ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነው። ታላቄ ስለሆነ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ሁሉን ነገር በአንድ ሰዓት ያስተካክላል፣ ይሄዳል። ለሁሉም ነገር መድኃኒት አለው፤ የጠፋበት የትዕግሥት መድኃኒት ብቻ ነው። ምስጢሬን ለእሱ ተናገርኩ፣ ለማን ልናገር? በሚቀጥለው እሁድ የፈንገስ መድኃኒትና መርጫ ይዞ መጣ። ጭምብል አድርጎ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ሐኪም መስሎ ከበረንዳው ሥር ወረደ።

አባቴ ምን እንደሚረጭ ባንነግረውም መርጫ ሲያይ ፊቱ በራ። ብረቱን ተደግፎ ጎንበስ አለ። «ራቅ» አለው። ወንድሜ አልገባውም። «ራቅ! እኩል!» ግራ እጁን ዘርግቶ እንዴት እንደሚመላለስ አሳየው። ወንድሜ እንደታዘዘው ራቅ ብሎ እኩል ረጨ፣ ከቅጠሉ በላይም ከቅጠሉ በታችም። «በታች!» እያለ ይጮሃል አባቴ፣ እንደ ጋራዡ ዘመን። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ከስትሮኩ ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ማታ ሲሆን አባቴ ብድግ ብሎ መጣና ያንን ሁሉ መድኃኒት አጠበው። አልከለከልኩትም። በማግስቱም እንዲሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ።

ወንድሜ እሁድ ሲመለስ አባቴ በረንዳው ላይ ነበር፣ ማጠጫው በእጁ። ወንድሜ ወደ ታች አየ። አምቡላንስ ላይ አናቷ ላይ ካለው በቀር ቅጠል አልቀረም፤ እሱም ነጥብ በነጥብ ሆኗል።

«መድኃኒቱን እኮ እያጠበው ነው!» አለኝ።

«ዝቅ አድርገህ ተናገር» አልኩት። እጁን ይዤ ወደ ኩሽና ልጎትተው ስል አስለቀቀኝ።

«እስከ መቼ ነው የምንደባበቀው? ሕፃን አደረግሽው እኮ!» በሦስት እርምጃ በረንዳው ላይ ወጣ። «አባዬ፣ ስማኝ። ይኼ ጭስ አይደለም። ጥምም አይደለም። በሽታ ነው፣ የሚያመጣውም ውሃው ነው። ማታ ማታ ከላይ ስታፈስባቸው ነው የታመሙት። እየገደልካቸው ያለኸው አንተ ነህ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አባቴ ማጠጫውን ብረቱ ላይ ቀስ አድርጎ አስደገፈው። ግራ እጁን ገልብጦ መዳፉን አየው፣ ቆይቶ ጀርባውን አየው። ከዚያ ግድግዳውን ታክኮ ወደ ክፍሉ ገባ።

ኩሽና ውስጥ ወንድሜን እንዴት አድርጌ እንደሰደብኩት አልጽፈውም። «እውነቱን ነው የነገርኩት» አለኝ፣ መነጽሩን እየጠረገ።

«መድኃኒት ቤት መጠኑን ሳታይ ትሰጣለህ?» አልኩት። «አንዱን የሚያድነው ለሌላው መርዝ ነው የምትል አንተ አይደለህም? እውነትህን ሳትመጥን ጠርሙሱን ሙሉ አጠጣኸው!» ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን ያን ሰዓት አላዘንኩለትም።

ከዚያ አባቴ አልተነሳም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «አባዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል» ስለው ዓይኑን ይጨፍናል። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ባለሙያዋ መጥታ ግራ እጁን ያዘችና ጣቶቹ እንደገና መጠቅለል መጀመራቸውን አሳየችኝ። «ይኼ ከእጅ የመጣ አይደለም» አለች። ወንድሜ ደግሞ ጸጸቱ ሲበዛበት የፕላስቲክ ጽጌረዳ ገዝቶ ከነማሰሮው ላከ። «ይህን ያጠጣ፣ ፈንገስ አይዘውም» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ማሰሮውን ባመጣው ሰው መልሼ ላክሁለት።

ጽጌረዳዎቹ ግን አማረባቸው። ጠዋት ከሥራቸው አጠጣቸዋለሁ፤ ቅጠላቸውን ውሃ የሚነካው ከሰማይ ሲመጣ ብቻ ነው። ቀላ ያለ፣ ለስላሳ፣ አንዲት ነጥብ የሌለበት ቅጠል አወጡ። አምቡላንስ እንቡጥ ያዘች። ባየኋቸው ቁጥር አስጠሉኝ። የአባቴን መከራ በልተው የወፈሩ መሰለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ወንድም ጋሼ ተሳስቷል። መድኃኒቱ ነው ያጠወለጋቸው እንጂ አንተ አይደለህም» ብዬ ዋሸሁት።

አንገቱን ብቻ ወደ መስኮቱ አዞረ። ከአልጋው ሆኖ የእሳት አደጋ አናት ይታየዋል፣ ንጹሕ፣ አረንጓዴ።

«አየሁ» አለኝና ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

እሱ ከተኛ ወዲህ ድነዋል። ቅጠሎቹ ራሳቸው መሰከሩበት።

ያን ቀን ማታ ማጠጫውን ሞልቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ልክ እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት። ከዚያ ከላይ ለቀቅሁባቸው። ቅጠል ላይ የሚወርድ ውሃ አፈር ላይ እንደሚወርደው ዝም አይልም፤ ይንጣጣል። እንዲሰማ ብዬ ማጠጫውን ብረቱ ላይ አጋጨሁት። ከክፍሉ ድምፅ የለም። በማግስቱም አፈሰስኩ፣ በሠልስቱም። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ አምቡላንስ ታች ላይ ያቺ ጥቁር ክብ ተመልሳ መጣች። ሳያትም ማፍሰሴን አልተውኩም። አሁን ሳስበው ያበድኩ ነው የሚመስለኝ፣ ግን ሌላ የሚያስነሳው ነገር አላውቅም ነበር። በፍቅር አልተነሳ፣ በልመና አልተነሳ፣ በቁጣ ይነሳ እንደሆነ ብዬ ነው።

ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት ቀን ነበር። ቅጠሉ ገና ከዝናቡ አልደረቀም፤ እኔ ደግሞ ማጠጫውን ደፍቼ አዘቀዝቃለሁ። አልጋው ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማሁ። ወደዚያ አልዞርኩም። ቀጥሎ ግድግዳው ታከከ። ቀጥሎ አንድ ነገር ወደቀ፣ ወንበር ይመስለኛል። ሮጬ ልይዘው እግሬ ተነስቶ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ማፍሰሴን ቀጠልኩ።

«ከሥር!»

በሩ ላይ ቆሟል። ምርኩዙን አልያዘም። ፊቱ በቁጣ ጠቁሯል።

«ከሥር! ከሥር!»

«ከሥር ምን?» አልኩት፣ ፊቴን ሳላዞር።

ግድግዳውን ለቆ ያለ ድጋፍ ሁለት ጊዜ ረገጠና ብረቱ ላይ ተደገፈ። ወደ ታች አጎነበሰ። የተመለሱትን ነጥቦች አየ። ከዚያ እኔን አየ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«አንቺ?»

«እኔ።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ ብልሃት ያለው መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ጠፋብኝ። «አንተ ከምትሞት እነሱ ይሙቱ!» ብዬ ጮህኩበት። «ሰማህ? አንድ ቅጠል አይቅር፣ ራቁታቸውን ይቁሙ! እኔ ጽጌረዳ ምን ያደርግልኛል?» እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ማጠጫው እጄ ላይ ሆኖ ውሃው ጫማዬ ላይ ይፈሳል፣ እኔ አላየሁትም።

የአባቴ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ይፈልጋል። ከዚያ ግራ እጁን፣ ያንን ጣቱ የተጠቀለለውን እጅ፣ ዘረጋ። ማጠጫውን ሰጠሁት። ጣቶቹ እጀታው ላይ እስኪከፈቱ ጊዜ ወሰደ፤ ልረዳው ስል በክርኑ ገፋ አደረገኝ።

ሆዱን ብረቱ ላይ አስደግፎ የሚችለውን ያህል ጎነበሰ። እጁን ወደ ታች፣ ወደ ሥሩ፣ ወደ ሰጋቱራው ሰደደ፤ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ተዘረጋ። አልደረሰም። ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ቅጠል ላለመንካት እየተጠነቀቀ፣ በቅርንጫፎቹ መሐል ቀጭን ውሃ ለቀቀ። አብዛኛው አፈሩ ላይ ወረደ። አንዱ ጅረት ግን አንዲት አዲስ ቅጠል መታና ተፈናጠረ።

ደንግጦ ማጠጫውን ቀጥ አደረገ። ወደኔ ዞረ፣ ዓይኑ እንባ አቀርሯል።

«ነካው» አለኝ።

«ይንካው፣ አባዬ» አልኩት።

ቅጠሏን አየ፣ እኔን አየ፣ ማጠጫውን እንደገና አዘነበለ።